ደላሎች እምቢ ያሉት ቤት

የበደለኝ የእናቴ ልጅ፣ ታናሽ ወንድሜ ነው። የበደለኝም እናታችን ከሞተች ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ ከጥምቀት እስከ ክረምት መግቢያ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ከደርግ በኋላ የመጣው መንግሥት ሊለወጥ ትንሽ ቀርቶት ነበር፤ መንገድ ዛሬ ይዘጋል፣ ነገ ይከፈታል፤ ስለዚህ ዘመኑን አልረሳውም። ሰው ሲጠይቀኝ «ተዉኝ፣ የቤት ጉዳይ ነው» እያልሁ ኖሬአለሁ። ከእንግዲህ የምሸፍንለት ምክንያት የለኝም።

ቤቱ ወረታ ነው። ከደብረ ታቦር መገንጠያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ የሩዝ መፈልፈያዎቹ ጩኸት ከሚሰማበት ሰፈር። በመንገድ በኩል ያሉትን ሁለት ክፍሎች አንድ የሩዝ ነጋዴ መጋዘን አድርጎ ይከራያቸው ነበር። ከኋላ እናቴና እኔ የምንኖርበት ክፍል፣ ማድቤትና ጌሾ የተተከለበት ጓሮ ነበር። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሐይቅ ሲያደርጉት በከተማው ዝቅ ያሉት ሰፈሮች ውሃ ይገባቸዋል። የእኛ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ ደርሶበት አያውቅም። ስለዚህ ቤቱ ሁልጊዜ ፈላጊ ነበረው።

እኔ የቤት ደላላ ነበርሁ። ከባሌ ተፋትቼ ወደ እናቴ ቤት የተመለስሁት ደርግ በወደቀ ሰሞን ነው። መሥሪያ ቤት ሲከፈት፣ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ ከወሎም ከጎጃምም ከአዲስ አበባም ሰው ሻንጣውን ይዞ ይወርዳል። የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ የሚከራይ ክፍል። ማን ክፍል እንዳለው አውቃለሁ፤ የማን ክፍል እንደሚያፈስም አውቃለሁ። መጀመሪያ በነፃ አሳየሁ። ኋላ አንድ የግብርና ሠራተኛ የደከምሽበት ብሎ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ፤ እንዲህ ሆኖ ሥራ ሆነ። ከኪራይ ወደ ሽያጭ ገባሁ። ሩዙ ገንዘብ ማምጣት ሲጀምር የገጠሩም ሰው ከተማ ቤት ይገዛ ነበርና አልከሰርሁም።

ደላሎቹ በመናኸሪያው አጥር ሥር ነው የሚቀመጡት፤ ሁሉም ወንዶች ናቸው። የሁሉም ታላቅ የሆነው ሽማግሌ ደላላ መጀመሪያ ያየኝ ቀን እየሳቀ ተቀበለኝ።

«ሴት የቤት ደላላ! ነገ ደግሞ በሬ ታሻሽጫለሽ።»

«በሬው ካንተ ይሻላል፤ አይዋሽም» አልሁት።

ሌሎቹ ሳቁበት። ያንን ሳቅ እስከ ዛሬ ይቅር አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ደላላ ጻድቅ ነው አልልም። ከገዥም ከሻጭም እንቀበል ነበር። ሦስታችን አንድ ቤት ላይ ከተገናኘን ሦስታችንም እጃችንን እንዘረጋ ነበር። በበጋ ብቻ የሚያምር ቤት በበጋ ብቻ የሚያሳይ ደላላም ነበረ። ነገር ግን የማንነካው ቤት አለ። ጠብ ያለበት፣ ሙት ዓመቱ ያልወጣለት ሰው ቤት፣ በመሐላ የታሰረ ቤት አይሸጥም። ደግነት አይደለም። የገዛው ሰው ነገ የሚኖረው እዚያው ነው፤ ጎረቤት ካኮረፈው፣ ዕድር ካልተቀበለው፣ ተመልሶ የሚመጣው ወደኛ ነው። እኔ ሻጭ ሲመጣ ከዋጋው በፊት «ይኼ ቤት ቢሸጥ ማን ያኮርፋል?» ብዬ እጠይቅ ነበር። አንድ የይፋግ ሰው የአጎቱን ቤት ሊሸጥ መጥቶ «ማንም አያኮርፍም» አለኝ። አንበሳሜ ያገባች እኅት እንዳለችው ግን አውቅ ነበር። «እሷን ይዘህ ና» ብዬ መለስሁት። ተሳደበ፤ በኋላ ግን ይዟት መጣ፤ ቤቱም ተሸጠ። ሥራችን እንዲህ ነበር። ዝግ ያለ ነበር፣ ወሬ ይበዛው ነበር፣ ሰው ይሰለቸው ነበር።

እናቴ ብዙ ጊዜ ታማ ነው የሞተች። ያስታመምኋት እኔ ነኝ። ወንድሜ አዲስ አበባ የመንግሥት ሥራ ላይ ነበር፤ ገንዘብ አልፎ አልፎ ይልካል፣ ስልክ ይደውላል፣ «እንዴት አደረች?» ይላል። ለቀብሩ ደረሰ። ጮኾ አለቀሰ፤ ሰውም «ምን ዓይነት ልጅ ነው!» አለ።

በሠልስቱ ቀን ሦስት ሽማግሌዎች የእናቴን የነፍስ አባት ጨምረው እኔንና ወንድሜን ጠሩን። በእኛ አገር የውርስ ነገር እዚያው ሐዘን ቤት ያልቃል። ችሎት ከደረሰ የሟች ስም ይጠፋል።

«ቤቱ በአንድ ሰው ስም ይሁን» አሉ አንደኛው ሽማግሌ። «በሁለት ስም ሲሆን ማዘጋጃ ቤቱ ሲያመላልሳችሁ ይኖራል። እሱ ወንድ ነው፣ ቢሮ ያውቃል።»

«እኔም ቢሮ አውቃለሁ» አልሁ።

«አንችማ መኖሪያሽ ነው ልጄ። ከቤትሽ ማን ያስወጣሻል?»

ወንድሜ ተነሣ። ማንም ሳያዘው ነው የተነሣው። «እኅቴ በሕይወት እስካለች ይህ ቤት አይሸጥም። ብሸጠው የእናቴ አጥንት ይውጋኝ» አለ። ቄሱ መስቀላቸውን ዘረጉለት፣ ተሳለመ። ሴቶቹ እንደገና አለቀሱ። ድንኳኑ ጫፍ ላይ የተቀመጡት ደላሎችም ሰሙት፤ ሽማግሌው ደላላ ራሱን ሲነቀንቅ አይቼዋለሁ።

ለስንቷ ባልቴት «ስምሽ ካርታው ላይ ይግባ» ብዬ የመከርሁ ሴት፣ ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ለወንድሜ ፈረምሁ። ሞኝ ነሽ የሚሉኝ አሉ። በሽማግሌና በቄስ ፊት፣ የእናቷ መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ፣ «ወንድሜን አላምነውም» የምትል ሴት ካለች አሳዩኝ። ከዚያ ወዲያ ወረታ ላይ ማን «እንዴት አደርሽ» ይላታል?

ከዚያ በኋላ ተረጋግቼ ተቀመጥሁ። ልቤን ያሳረፈው ወረቀት አልነበረም። ወረታ ላይ ቤት የሚሸጠው በደላላ ነው፤ ደላላው ሁሉ ደግሞ መሐላውን ያውቃል። በቤቴ በር ላይ ከዚያ የበለጠ ቁልፍ አያስፈልገኝም ነበር።

ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ሽማግሌው ደላላ አጥሩ ሥር ሸንኮራ እየላጠ ጠራኝ።

«ወንድምሽ ደውሎልኝ ነበር።»

«ምን አለህ?»

«ቤት አለኝ፣ ገዥ አምጣልኝ አለኝ። መጀመሪያ አላወቅሁትም፤ የት ያለ ቤት ነው አልሁት። ሲነግረኝ ጊዜ፣ ልጄ፣ እኔ እኮ ሠልስቱ ላይ ነበርሁ አልሁታ።»

«ከዚያስ?»

«ጆሮዬ ላይ ዘጋብኝ! ከዚያ ለዚህኛው ደወለ፣ ለዚያኛውም ደወለ። ሁሉም እንደኔ መለሱለት።» ሸንኮራውን ነከሰና ጨመረ፤ «ደስ እንዳይልሽ። ላንች ብዬ አይደለም። ያንን ቤት አሻሽጬ ቤተ ክርስቲያን ደጅ በምን ዓይኔ እቆማለሁ?»

«ላንተማ ብዬ ደስ አይለኝም» አልሁት።

ደስ ብሎኝ ነበር ግን። ወንድሜን ደውዬ አልተቆጣሁትም። መሸጥ እንደፈለገ አወቅሁ፤ እንዳልቻለም አወቅሁ፤ በዚያው ተውሁት።

በጥምቀት መጣ። ለእናቱ ሙት ዓመት እንኳ ያልመጣ ሰው ነው። ስኳርና ነጠላ አምጥቶልኛል። በማግስቱ ስልኩን አውጥቶ ግቢውን ማንሣት ጀመረ።

«ልጆቼ የአያታቸውን ቤት ይዩት» አለኝ።

እኔም ተደሰትሁ። የወንድሜን ልጆች ብዙ አላውቃቸውም፤ ቤቱን ካዩት ይናፍቁ ይሆናል አልሁ። ግቢውን ጠረግሁ። ጌሾውን ውሃ አርከፈከፍሁበት፣ አቧራው እንዲለቅ። አልጋዬ ላይ ለበዓል ብቻ የማወጣውን ጋቢ አነጠፍሁ። ሲያነሣ ሲያነሣ ቆይቶ «እስቲ ወደዚህ ዞር በይ» አለኝ። እኔን ሊያነሣኝ መስሎኝ ሻሼን አስተካከልሁ።

«አይ፣ ውጪልኝ ማለቴ ነው። ክፍሉ እንዲታይ» አለ።

ወጣሁለት። ደጅ ቆሜ ጠበቅሁት።

በዚያ ሰሞን የያዝኋት ገዥ መምህርት ነበረች። ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣች፣ ባሏ ባሕር ዳር የሚሠራ፣ ትሑት ልጅ። «እትዬ» ትለኛለች። ከጥምቀት ሳምንት ጀምሮ እስከ ፋሲካ ወረታን ሰፈር ለሰፈር ይዣት ዞርሁ። አንዱን ውሃ ይገባዋል፣ አንዱን ወንድማማች ተጣልተውበታል፣ አንዱን ባለቤቱ ሚስቱ ሳታውቅ ነው ሊሸጠው የፈለገ እያልሁ አስተውኋት። «ማን ያኮርፋል?» ብዬ ሻጩን ስጠይቅ አጠገቤ ቆማ ትስቅ ነበር። ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ መንገድ ላይ አገኘችኝ። ዓይኗን ሰበረች።

«እትዬ፣ አይቀየሙኝም?»

«ምን አደረግሽና?»

«ጓደኛዬ በስልክ ቤት የሚያሻሽጡ ሰዎች አሳየችኝ። ባሕር ዳር ናቸው። ከገዥ ምንም አይቀበሉም። ከሻጩም የሚወስዱት ትንሽ ነው፤ ከእናንተ ሩቡን አይሆንም። ወረታ አንድ ቤት አላቸው፣ ልክ እኔ የምፈልገው! ያውቁት እንደሆነ ብዬ ነው።»

ስለ ክፍያው ያለችው እውነት ነው። ልቆጣት አልቻልሁም። ስልኳን ተቀበልሁ።

መጀመሪያ የመጋዘኑን በሮች አየሁ። ቀጥሎ ጓሮውን፤ ጌሾው እርጥብ ነው። ከዚያ ክፍሌን። ጋቢዬ ተነጥፏል፤ የዘወትር ቀሚሴ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል፤ የእናቴ ሣጥን ጥግ ላይ አለ። ከሥሩ ተጽፏል፤ መብራት አለው፣ ውሃ አለው፣ ካርታው የተዘጋጀ ነው፣ ወዲያው መረከብ ይቻላል። ያንን የመጨረሻውን ደግሜ አነበብሁት። ቀሚሴ በተሰቀለበት ክፍል ሥር ነው የተጻፈው።

«ያውቁታል?» አለችኝ።

«አውቀዋለሁ።»

«ክረምት ውሃ ይገባበታል?»

«አይገባበትም።»

«ግድግዳውስ?»

«ግድግዳው ደኅና ነው። በጓሮ በኩል ያለው ቆርቆሮ ያፈሳል፤ ይለወጥ።»

ሌላ አልጠየቀችኝም። ስልኩ ሁሉንም የነገራት መስሏት ነበር። ማን ያኮርፋል ብትለኝ ኖሮ መልስ ነበረኝ። አላለችም። እኔም በአደባባይ ቆሜ ወንድሜን ለባዕድ አላዋርድም። ቤት ገብቼ ደወልሁለት።

«ቤቱን በሰው ስልክ አየሁት» አልሁት።

«ፎቶው እንዴት ነው?» አለኝ። መጀመሪያ ያለኝ ይኼን ነው።

«በሠልስቱ ያልኸውስ?»

«እታለም፣ ሐዘን ላይ ሰው ብዙ ይላል። ኮንዶሚኒየም ወጥቶልኛል፤ ካልከፈልሁ ይነጥቁኛል። ልጆች ይዤ እስከ መቼ በኪራይ ልኑር?»

«ደላሎቹ ለምን እምቢ እንዳሉህ አታውቅም?»

«የነሱን ወሬ ተይው። እነዚህኞቹ ማነው፣ ምንድነው አይሉም። ካርታውን ላክሁ፣ ፎቶውን ላክሁ፣ አለቀ። አገር የሚሠለጥነው እንዲህ ነው እኮ።»

«እኔስ?»

«ድርሻሽን አልከለክልሽም። ደግሞ አንች ደላላ አይደለሽም እንዴ? ለራስሽ ቤት ታጫለሽ?»

እየሳቀ ነው ያለኝ። ከዚህ በኋላ ከእሱ ጋር ቃል አልተነጋገርሁም።

ከሽማግሌዎቹ በሕይወት ያሉት አንዱ ብቻ ነበሩ። ቄሱም አርፈዋል። ወደ ቀሩት ሽማግሌ ሄድሁ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ድምፄን ሲሰሙ ግን አወቁኝ፤ የመጣሁበትንም ሳልጨርስ ገባቸው።

«ሰምቻለሁ ልጄ፤ በጆሮዬ ነው የሰማሁ። እመሰክራለሁ። ግን ዳኛው የሚያየው ካርታ ነው፤ እኔን ማን ይጠራኛል?»

«ይደውሉለትና ይገሥጹት» አልሁ።

ከልጃቸው ስልክ ተደወለለት፤ አላነሣም። በሌላ ቀንም ተደወለ፤ አላነሣም። ድሮ ሽማግሌ የሰው ደጅ ሄዶ ይቀመጣል፤ እስኪወጡለት አይነሣም። አዲስ አበባ ሄደው እንዳይቀመጡበት ዓይናቸውም ጉልበታቸውም እምቢ አለ፤ መንገዱም ተዘግቶ ነበር። አዘኑልኝ። እኔም ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ።

ውሉን የተዋዋሉት ባሕር ዳር ነው። የተነገረኝ ነገር የለም። ሰኔ ሲገባ አንድ ቀን ጠዋት በሩ ተንኳኳ። አንድ ወረቀት የያዘ ጎልማሳ ነው፤ ከኋላው መምህርቷ ቆማለች። ስታየኝ ሳቀች መጀመሪያ፤ ልረዳት የመጣሁ መስሏት።

«እትዬ! እርስዎም መጡ? ማን ነገረዎት?»

«ማንም አልነገረኝም። እዚህ ነው የምኖረው።»

ዓይኗ ከኔ አልፎ ወደ ክፍሉ ገባ። ሚስማሩን አየች። ቀሚሱን አየች። ፊቷ ተለወጠ። ወደ ሰውዬው ዞረች።

«ቁልፉ አዲስ አበባ ነው ብላችሁኝ ከደጅ ብቻ ነው ያየሁት፤ ሰው እንዳለበት አልነገራችሁኝም!»

«ባለቤቱ ባዶ ነው ብሏል፤ እኛ የላኩልንን ነው የምናወጣው» አለ ሰውዬው። ትሑት ነበር፤ ክፉ ቃል አልወጣውም።

«መጥታችሁ አላያችሁትም?»

«መጥተን ካየንማ ዋጋችን እንደ ደላሎቹ ይሆናላ።»

መምህርቷ ደፉ ላይ ተቀመጠች። እያለቀሰች «ያን ዕለት ለምን አልነገሩኝም? ጠይቄዎት ነበር እኮ» አለችኝ።

«ስለ ውሃ ጠየቅሽኝ፤ ስለ ውሃ ነገርሁሽ።»

ገንዘቡን ከፍላለች፤ ከባሏ ቤተሰብ የተበደሩትም አለበት። ልትመልሰው እንደማትችል አውቅ ነበር፤ ሥራዬ ነው። «የኋላዋን ክፍል አይልቀቁ፤ ኪራይም አልልዎትም፤ እንደ እናቴ ይቀመጡ» አለችኝ። ከልቧ ነው ያለችው። እኔ ግን በእናቴ ቤት የሰው ጥገኛ አልሆንም። ክፉ ልጅ አልነበረችም። ይሁን እንጂ ስንት ወር ሙሉ አብራኝ ዞራ ከእኔ የወሰደችው ስለ ውሃ ያለውን ብቻ ነው፤ ይኼን አልረሳላትም።

ዕቃዬን ሳወጣ ሽማግሌው ደላላ ጋሪ ይዞ መጣ። ሳልጠራው ነው የመጣ። የእናቴን ሣጥን ከአንድ ጎረምሳ ጋር አንሥቶ ጫነልኝ። ጋሪው ሲሞላ ላቡን እየጠረገ «እኛማ እምቢ ብለን ነበር» አለኝ።

«እምቢታችሁ ታዲያ የት አደረሰኝ?»

በሬ ታሻሽጫለሽ ብሎ የሳቀብኝ ሰው ያን ቀን ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። ዓመት ሳይሞላ እሱም የልጁን ስልክ ይዞ የሰው ቤት ፎቶ ሲያነሣ ታየ ተባለ። አልፈረድሁበትም። አጥሩ ሥር ተቀምጦ የሚጠብቀው ገዥ መምጣት አቁሞ ነበር።

እኔ ሐሙሲት ሄጄ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ወንድሜ ድርሻሽ ነው ብሎ የላከውን ተቀበልሁ፤ ድርሻዬ ነው። የድለላ ሥራ አልሠራሁም ከዚያ ወዲያ። የሚያውቁኝ ሰዎች ክፍል አፈላልጊልን ሲሉኝ አላውቅም እላለሁ።

ወንድሜ በኋላ ታመመ። ይቅር በይኝ ብሎ ሰው ላከብኝ፤ ምንም አልላክሁበትም። ራሱ ደወለ፤ ድምፁን ሰምቼ ዘጋሁት። ሲሞት አስከሬኑን ወረታ አምጥተው ከእናታችን አጠገብ ቀበሩት። ከሐሙሲት ወረታ በሚኒባስ ቅርብ ነው። ጎረቤቶቼ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጥተው «ተነሽ እንጂ፣ እንሂድ» አሉኝ። ሂዱ አልኋቸው። እኔ አልሄድሁም። ያን ዕለት ልብሴን አጠብሁ፣ ገበያ ወጥቼ ሽንኩርት ገዛሁ፣ ወጥ ሠርቼ በላሁ።